የኦፓል ብር የት ይተከል? ወገል ጤና ወይስ ደሴ?

የደላንታው ልጅ፣ ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ወሎዬዎች። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናውን ያፈላ ሰው ያንብብልኝ።

ታናሽ ወንድሜ ደላንታ ውስጥ ኦፓል የሚባለውን የጌጥ ድንጋይ መቆፈር ከጀመረ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ለዘይትና ለልጆቹ ደብተር ነው። ዘንድሮ ግን ቀናው። ከማኅበሩ ልጆች ጋር ተካፍሎ የደረሰው ብር ቤት ያሠራል። ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ እዚህ መድረክ ላይ ዘመድ ብዙ ነው።

አሁን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። እሱ እዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ሠርቼ ታች ሱቅ፣ ላይ አልጋ ላከራይ ይላል። "ከተማዋ እያደገች ነው፤ ኦፓሉም ገና አላለቀም" ነው ቃሉ። እናታችን ደግሞ ደሴ፣ ጢጣ በኩል ይሥራ ትላለች። ልጆቹ እንዲማሩ፣ እሱም ከዚያ ገደል እንዲርቅላት። እኔ ደሴ ስለምኖር ሽምግልናው እኔ ላይ ወድቋል።

ወንድሜን ተሳስተሃል ለማለት አፌ አይደፍርም። እኔ ልጅ ሳለሁ ወገል ጤና የገበያ ቀን ካልሆነ መንገዱ መሐል ውሻ ይተኛ ነበር። አልጋ ቤቱ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ ጥብስ ቤቱ የበረከተው በ2000 ዓ.ም. ኦፓሉ ከተገኘ ወዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ድንጋዩን በእጅ ባትሪ እያገላበጠ ሲያይ ማየት ብርቅነቱ ቀርቷል። ግን ደግሞ ድንጋዩ የጠፋ ሰሞን ከተማው እንዴት ጭር እንደሚል አይቻለሁ። ጥብስ ቤቱ ሽሮ ቤት ይሆናል።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ማዕድን ስለተገኘ ብቻ የተሰባሰበ ሰፈር፣ ቆይቶ የደራ ከተማ የሆነበት ቦታ ታውቃላችሁ? ወይስ ድንጋዩ ሲያልቅ ሁሉም ይበተናል? ያየ ሰው ይንገረኝ። የሰማ ሰው ደግሞ ከማን እንደሰማ ጨምሮ ይንገረኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሰኞ ማታ 2፡21

ኮምቦልቻ ይግባ። ጨረስኩ።

ጦሳ ሥር፣ ሰኞ ማታ 2፡24

መጀመሪያ እንኳን ቀናው! ሰደቃ ያውጣ፣ ብሎኬቱ ከዚያ ይደርሳል።

ሐረጎ፣ አንተ ሰው "ራሴን አመመኝ" ቢልህም ኮምቦልቻ ይግባ ነው የምትለው።

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሰኞ ማታ 2፡25

ራስ የሚያሳምመው የደሴ ብርድ ነዋ።

ጆበርግ ወሎዬ፣ ሰኞ ማታ 3፡02

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ዓይነት ቦታ ላይ ነው የምኖረው። ስለዚህ ካየው ወገን ቁጠረኝ።

ሩደፑርት ትባላለች። ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ ናት። ዛሬ ብታያት የገበያ ማዕከል፣ ትምህርት ቤት፣ አጥር ለአጥር የተያያዘ ቤት፣ ጠዋት ጠዋት መኪና የማይላወስበት መንገድ ነው። "እዚህ የቆፋሪ ድንኳን ነበር" ቢሉህ አታምንም። ግን ነበር። በፈረንጅ 1884 ስትሩበን የሚባሉ ወንድማማቾች ወርቅ ያገኙት እዚሁ ነው። ዋናው ወርቅ የተገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ላንግላግተ በሚባል እርሻ ላይ ነው። ጆሃንስበርግም በዚያው በ1886 ተቆረቆረች። በ1896 ሕዝቡን ሲቆጥሩት ከመቶ ሺህ በለጠ። በአሥር ዓመት! ይቺ ከተማ ትልቅ ወንዝ የላት፣ ባሕር የላት። ሰውን የጠራው ወርቁ ብቻ ነው።

የስትሩበኖች ጉድጓድ አሁን የዱር ጥብቅ ቦታ ውስጥ ነው ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው እዚያ አካባቢ በእግሩ ሊንሸራሸር ይሄዳል።

ከተማው ለምን አልተበተነም ትለኝ ይሆናል። ላይ ላዩን ያለው ወርቅ ሳይቆይ ነው ያለቀው። ግን የወርቁ ንብርብር ወደ ደቡብ እየዘቀጠ ይሄዳል፤ እነሱም ተከትለውት ወረዱ። ዛሬ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ። ይኼ በዶማ አይሠራም። ፓምፕ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሐኪም፣ ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። ባቡሩም በ1892 ገባ። ያ ሁሉ ሰው ቤት ሠራ፣ ልጅ ወለደ። ወርቁ ሲቀንስ ልጆቹ ሌላ ሥራ ይዘው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወንድምህ ይስማኝ። ብሩ ጉድጓዱ አጠገብ አልቀረም። የአክሲዮን ገበያቸው በ1887 የተከፈተው በወርቁ ምክንያት፣ መሐል ከተማ ላይ ነበር። በ2000፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ዕቃውን ጠቅልሎ ሳንድተን ገባ። ሳንድተን ደግሞ ድሮ እርሻና የፈረስ ሜዳ ነበረች። ወርቅ የሚባል ነገር የላትም። ከወርቁ መስመር የቀረው ቢጫ የአፈር ጉብታ ነው፣ ታጥቦ የተጣለው። ነሐሴ ላይ ነፋስ ሲነሳ አቧራው ድስት ውስጥ ይገባል። ጉብታው ሥር የሚኖረው ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም። እኛ ሐበሾች የምንነግድባት ጀፒ እንኳ ባለሀብቱ ጥሎ የሄደው ሰፈር ናት።

ስለዚህ መልሴ አዎ ነው፤ ከተማ ይሆናል። የወንድምህ ቤት ከሳንድተን ወገን ይሆናል ወይስ ከጉብታው ወገን፣ እሱን ግን እንጃ።

ዘሀራ ሰኞ ገበያ፣ ሰኞ ማታ 3፡20

ጆበርግ፣ አላህ ይጠብቅህ ወንድሜ። አገር አዞርከን።

እኔ ግን ወደ ጓሮ ልመልሳችሁ። ያ ወገል ጤና የሚሠራበት ቦታ ካርታ አለው? የጢጣውስ? ከገበሬ ላይ በመንደር ውል የሚገዛ ከሆነ ብሩን ከገደሉ አውጥቶ መልሶ ገደል እንደጣለው ይቁጠረው። መሬት በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም አይለወጥም። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ ካርታ ያለው ቤት። ወይ በሊዝ ይወዳደር።

ተምሬ ነው የምናገረው። እኔና ባለቤቴ ከተማ ዳር ሁለት መቶ ካሬ ብለን ገዛን። ሽማግሌ ፈርሟል፣ ደላላው ምሏል፣ በጉም ታርዷል። ሁለት ክፍል በጭቃ አቆምን። በሦስተኛው ዓመት "ጨረቃ ቤት ነው" ተብሎ ፈረሰ። ደላላው ዛሬም ስልኩ ዝግ ነው። የበጉ ቆዳ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱን እንኳ አልጋ ሥር አንጥፌዋለሁ።

ጦሳ ሥር፣ ሰኞ ማታ 3፡26

ዘሀራን ስሙ። ቆዳው ላይ ቆማ ነው የምትናገረው።

ድንጋይ ቆጣሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡40

ሥራዬ ሥነ ምድር ነው። ደላንታም ወጥቼ አውቃለሁ። ጆበርግ ያነሳው ነገር ላይ አንድ ልዩነት ላሳያችሁ።

የደላንታ ኦፓል ያለው ገደሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት በዞረ ስስ ንብርብር ውስጥ ነው። ከላይም ከታችም የእሳተ ገሞራ ዓለት ተከምሯል፤ ወደ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው። ከመቀነቱ ከፍ ብለህ ብትቆፍር ወይም ዝቅ ብለህ ብትቆፍር ድካም ነው ትርፉ። ስለዚህ ቆፋሪው ከገደሉ ፊት ጀምሮ መቀነቱን እየተከተለ ወደ ውስጥ ይገባል። በገባ ቁጥር በላዩ የተሸከመው ይከብዳል። ድጋፍ የሚያቆምለት የለም። በ2016 ዓ.ም. እዚያው ደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ልጆች ውስጥ መቅረታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል።

እንግዲህ አስተያዩት። የጆበርጉ ወርቅ ድንጋዩ ይፈጫል፣ በኬሚካል ይታጠባል፣ ይቀልጣል። አጠገቡ ፋብሪካ ሳይተከል አይወጣም። ኦፓል ምን ይፈልጋል? ዶማ፣ መዶሻ፣ ኪስ። ኪስ ውስጥ የሚገባ ሀብት ደግሞ ኪስ ውስጥ እንዳለ አገር ለቆ ይሄዳል። ጥሬው ከወገል ጤና ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ብዙው ሕንድ፣ ጃይፑር ይገባል። የሚቆረጠው እዚያ ነው። ከዚያ የዓለም ገበያ ላይ "ወሎ ኦፓል" ተብሎ ይሸጣል። ስሙን ትተውልናል።

ጆበርግ ወሎዬ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡05

ድንጋይ ቆጣሪ፣ ኪስህን የዚሁ አገር ኪምበርሊ ቀደደችብህ! አልማዝም ኪስ ውስጥ ይገባል እኮ። በፈረንጅ 1871 አልማዝ ሲገኝ ሰው እንደ ጉንዳን ወረደ። ኮረብታውን በዶማና በአካፋ ንደው ጉድጓድ አደረጉት፤ እስከ ዛሬ አለ። ኪምበርሊም ከተማ ሆነች። በ1882 መንገዷ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት ነበራት።

ድንጋይ ቆጣሪ፣ ማክሰኞ ጠዋት 2፡31

ጥሩ ያዝከኝ። ግን ጨርሰው። ቆፋሪዎቹ እያንዳንዳቸው የአንድ ጎጆ መሬት የምታህል ቁራሽ ነበረቻቸው። ጉድጓዱ ሲጠልቅ ውኃ ሞላ፣ ግድግዳው እየተናደ የአንዱን ድርሻ በሌላው ላይ ጣለው። ፓምፕ የመግዛት አቅም ያለው የሌለውን እየገዛው ሄደ። በ1888 ቁራሹ ሁሉ ደ ቢርስ የሚባል አንድ ኩባንያ ሆነ። አልማዙ ኪስ ይገባል፤ ፓምፑ አይገባም። ከተማዋን ያቆማት ፓምፑ ነው። ቆፋሪው ግን ድሮ የራሱ በነበረ ጉድጓድ ውስጥ ተቀጣሪ ሆነ።

ደላንታ ላይ ይኼ እንዲመጣ አልመኝም። ያለ እሱ ደግሞ ከተማው በምን እንደሚቆም አላየሁም። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምላችሁ።

የሻኪሶ ሾፌር፣ ማክሰኞ ቀን 7፡10

ሐይቅ ነው የተወለድኩት፤ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በጉጂ መንገድ ነው። አይሱዙ። የአገራችንን ምሳሌ ማንም ሳያነሳ ምሳ ደረሰ።

አዶላ አለች አይደል፣ ክብረ መንግሥት የምንላት። የአዶላ ወርቅ ከታወቀ ሰማንያ ዓመት አልፎታል። በወርቁ ነው ከተማ የሆነችው። ሻኪሶም እንደዚያው፣ ከለገ ደምቢ ወርቅ ማውጫ ጋር ነው ያደገችው። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለ በሽታና ስለ ብክለት ተቆጥቶ ወጣና የለገ ደምቢ ፈቃድ ታገደ። ያኔ እኔ ቆርቆሮ ጭኜ ነበርኩ። ሁሌ ወረፋ የምጠብቅበት ምግብ ቤት ገብቼ ብቻዬን በላሁ። አስተናጋጇ ወንበር ስባ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ የሚያዝዛት የለ።

"አበቃላት" ብዬ ነበር። ጥቅምት ላይ ስመለስ ከተማው ጢም ብሏል። ምንድን ነው ብል ቡና ደርሷል። የሻኪሶ ቡና ዓለም ያውቀዋል። ወርቁ ቢቆም ቡናው አለ።

አንድ ጥያቄ አለኝ ታዲያ። ደላንታ ከኦፓሉ ሌላ ምን አላት? የበልግ ገብስና ምስር መሆኑን አውቃለሁ። በልጉ ሲቀርስ?

የደላንታው ልጅ፣ ማክሰኞ ማታ 1፡30

ልቤ ላይ ነው የቆምክብኝ። በልጉ ሲቀር ነው እኮ ወንድሜም ገደሉ ላይ የወጣው።

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ማክሰኞ ማታ 1፡34

ኮምቦልቻ...

ጦሳ ሥር፣ ማክሰኞ ማታ 1፡35

ዝም በል አቦ። ኮምቦልቻ የደሴ ሳሎን ናት። እንግዳ ይቀመጥባታል፤ ኑሮ ግን ጓዳ ነው።

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ማክሰኞ ማታ 1፡37

ደሴ የኮምቦልቻ ፍሪጅ ናት። ማታ ማታ ሠራተኛውን እንዳይበላሽ እናስገባባታለን።

ጋሼ ቦርከና፣ ማክሰኞ ማታ 2፡50

ልጆቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰባ ዓመቴ ነው፤ ጣቴ አልታዘዝ ስላለኝ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ስድብ ከገባበት የእሷ ነው።

ይኼ ሐረጎ የሚሉት ልጅ ኮምቦልቻን ይወዳታል እንጂ አያውቃትም። እኔ ልንገራችሁ። ኮምቦልቻ ማዕድን ኖሯት አያውቅም። የእኛ ማዕድን አሰብ ነበር። የአሰቡ መንገድ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ መጥቶ ከአዲስ አበባና ከደሴው መንገድ ጋር የሚገናኘው እኛ ደጅ ነው። ተሳቢው እንደ ግመል ተሰልፎ ይመጣል። ሾፌር ካደረ ከተማው ያድራል። ጎሚስታው፣ አልጋ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ፍርፍር የምታቀርበው ሴት፣ ሁሉም የሚበላው ከአሰብ ነው። እኔም ራዲያተር በመበየድ ነው አራት ልጅ ያሳደግኩት።

በግንቦት 1990 ጦርነቱ ተነሳ። አሰብ ቀረ። ጉድጓዱ አለቀ ማለት ይኼ ነው። መጀመሪያ ጎሚስታዎቹ ወደ ሚሌና ወደ ገላፊ ሄዱ፤ መኪናው ወደ ጅቡቲ ዞሯላ። አልጋ ቤት የነበራቸው ጎረቤቴ አንሶላ አጥበው ያሰጣሉ፣ የሚተኛበት የለም። ማግሥቱን ያንኑ ደግመው ያጥባሉ። "ምን ያደርግልዎታል?" ስላቸው "ድንገት ቢመጡስ" አሉኝ። በኋላ አንሶላውን ቀደው ለልጅ ልጆቻቸው ሰፉት።

ታዲያ ኮምቦልቻ ለምን አልሞተችም? ጨርቃ ጨርቁ አስቀድሞ በደርግ ጊዜ ተተክሎ ነበር። ቆዳ ፋብሪካው ነበር። ቢራ ፋብሪካው የተከፈተው በዚያው በ1990 ሰሞን ነው። አሰብ ሲዘጋብን ቢራ ተከፈተልን፤ ወሎ እንዲህ ናት። ሌላው መሬቱ ነው። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሐል ተጣብቃ ክንዷን የምትዘረጋበት የላትም። እኛ ሜዳ አለን፣ ቦርከና አለ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አለ። በ2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ እኛ ዘንድ የተከፈተውም ሜዳውን አይተው ነው። ያን ጊዜ ሴት ልጆች ከየገጠሩ ጎረፉ። አንዷን ክፍል ለአራት ይከራያሉ። የእኔም ሰርቪስ ቤት ሞላ። በ2014 ጦርነቱ ደርሶብን ፓርኩ ተዘረፈ፣ አሜሪካም ከቀረጥ ነፃ የመሸጥ ዕድሉን ነሳችን፣ ልጆቹ ሻንጣቸውን ጥለው ሄዱ። የሁለቱ ሻንጣ እኔ ጋ አለ እስካሁን። ከእነሱ ወዲህ የመጣው ተከራይ ሌላ ነው፤ ሥራውም ሌላ ነው። አሁን አስፋልቱን ስትከተሉ ቤቱ ወደ ሐረጎ ሽቅብ ወጥቷል፣ የደሴም ቁልቁል ወርዷል። አንድ ቀን ቁልቁለቱ ላይ ይገናኛሉ።

ልጄ፣ የደላንታው፣ ወንድምህን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኦፓሉ ነገ ቢቆም፣ ከነገ ወዲያ ቤቱ ውስጥ ማን ያድራል? አልጋ ቤት ብቻ እንዳይሠራ። የጎረቤቴ አንሶላ ከዓይኔ አይጠፋም።

ስለ ደላንታ መንገድ ደግሞ፣ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስጎተቱት በዚያ አድርገው ነው መቅደላ። ለደላንታ መንገድ የተሠራላት ለመድፍ ነው እንግዲህ።

የሻኪሶ ሾፌር፣ ማክሰኞ ማታ 3፡05

ጋሼ፣ በዚያ መንገድ ጭኜ ወጥቻለሁ። ከቴዎድሮስ ወዲህ ማንም ያልነካው ጎን አለ ብምልስ!

ዘሀራ ሰኞ ገበያ፣ ማክሰኞ ማታ 3：11

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ያቺን አንሶላ እኔም አልረሳትም።

ቆፋሪው፣ ረቡዕ ማታ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሙ እኔ ነኝ። ስለ እኔ ጽፎ አገር ሰብስቧል ሲሉኝ ነው የገባሁት። መብራት ስላልነበረ ዘግይቼ አነበብኩ።

ዘሀራ እህቴ፣ አብሽሪ። የማየው ቤት ካርታ አለው። አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ነው፣ አፍርሼ ነው የምሠራው።

ጋሼ ቦርከና፣ ጥያቄዎ ሌሊቱን አላስተኛኝም። እስቲ ልመልስ።

እኔ ለመቆፈር አይደለም ወገል ጤና የምቀረው። ቁፋሮ ከጨረስኩ ሰነበትኩ። አምና አንድ ጓደኛችን ውስጥ ቀረ። ጠዋት አብረን ቡና ጠጥተን፣ ሁለተኛዋን ስኒ ትቶልኝ ነው የገባ። ከዚያ ወዲህ ዋሻ ስገባ ዓይኔ ጣሪያው ላይ ነው። ጣሪያ የሚያይ ሰው ድንጋይ አያይም። የዘንድሮዋን ያገኘሁት ከአፉ ላይ፣ ሌላው የጣለውን አፈር ሳበጥር ነው። ለእናቴ ይኼን አልነገርኳትም፤ ወንድሜ አሁን ይነግራታል።

"ታች ሱቅ" ያልኩት የሳሙና ሱቅ አይደለም። መቁረጫ ነው። ዓምና ክረምት አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሄድኩ ብዬ የጠፋሁት ጊዜ አንድ ድንጋይ ቆራጭ ጋ አራት ወር ተቀምጬ ነበር። መቁረጡንም ማለስለሱንም አውቄያለሁ። አንድ ድንጋይ በጥሬው ስሸጥና ቆርጬ ስሸጥ ያለውን ልዩነት በዓይኔ አይቻለሁ። እስካሁን ልዩነቱን የሚበላው ሌላ ነው። ደሴ ብሄድ ድንጋዩን ማን ያመጣልኛል? ደላላው አስቀድሞ ይዞት ያልፋል። እዚሁ ከሆንኩ ግን ልጆቹ ከገደሉ ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት የእኔን በር ነው።

ላይኛውን አልጋ አላደርገውም። ሦስት ማሽን፣ ስድስት ልጅ። ከዋሻው የወጡ፣ ወገባቸው የተጎዳ ልጆች አሉ፤ ተቀምጠው መሥራት ይችላሉ።

ድንጋይ ቆጣሪ፣ ረቡዕ ማታ 3፡32

ወንድሜ፣ ከሰኞ ጀምሮ ስናወራ መልሱ አንተ ጋ ነበር ለካ። ፓምፑን አገኘኸው።

አንዳንድ ነገር ልንገርህ፣ ታውቀው ይሆናል። የደላንታ ኦፓል ውኃ ይጠጣል። በውኃ ስትቆርጠው ቀለሙ ድርግም ይልና መስታወት ይመስላል። የመጀመሪያ ጊዜ ያየ ልጅ "አበላሸሁት" ብሎ ያለቅሳል። ሲደርቅ ይመለሳል፤ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። እንዲደርቅ ብለህ ፀሐይ ወይም እሳት አጠገብ አታስጠጋው፣ ይሰነጠቃል። ዘይት ወይም ቀለም በነካው እጅ አትያዘው፤ ከጠጣው አይለቅም። የሸዋው የመዘዞ ቡናማ ኦፓል ገበያ ላይ ስሙ የጠፋው በመሰንጠቅ ነው። የእናንተው ይሻላል፣ ግን አያያዝ ካልተማረ እሱም ስሙን ያጠፋል።

ከሁሉም በላይ በደረቁ አትፍጩ። ዱቄቱ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ከዋሻ ያወጣሃቸውን ልጆች በአቧራ እንዳትጨርሳቸው። ውኃ ይፍሰስበት፣ አፍና አፍንጫቸው ይሸፈን፣ መስኮቱ ሰፊ ይሁን።

ቆፋሪው፣ ረቡዕ ማታ 3፡40

ያስተማረኝ ሰውዬም የዱቄቱን ነገር አልነገረኝም። እሱ ራሱ ሲስል ነው የሚውለው። አመሰግናለሁ። መስኮቱን አሰፋዋለሁ።

ጆበርግ ወሎዬ፣ ረቡዕ ማታ 3፡48

መብራቱስ? እዚህ ወርቅ ያሠራው አገር እንኳ ስንት ዓመት በተራ ሲያጠፉብን ኖረናል። ሰኞ ማታ ይጠፋል ካሉ ሰኞ ማታ ይጠፋ ነበር፣ እሱ ላይ ሐቀኞች ነበሩ።

ቆፋሪው፣ ረቡዕ ማታ 3፡50

እኛ ጋ ሲመጣ ነው የሚነገረን። ጀኔሬተር ግድ ነው። ያገለገለ ጥሩ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ረቡዕ ማታ 3፡52

ኮምቦልቻ አለ። አሁን ቀልዴን አይደለም። አጎቴ ፋብሪካ ውስጥ የሚጠግን ነው፣ አይቶ ይመርጥልሃል። ሾፌሩ ይጫንልህ።

የሻኪሶ ሾፌር፣ ረቡዕ ማታ 3፡55

እኔ እጭናለሁ። የቴዎድሮስን መድፍ ያወጣ መንገድ ጀኔሬተር አያቅተውም።

ዘሀራ ሰኞ ገበያ፣ ረቡዕ ማታ 4፡02

እኔ ደግሞ ቀለበትና ሐብል የሚሠሩ ብር ሠሪ ደሴ አውቃለሁ። ለሙሽራ የሚሠሩት ሁሉ ከውጭ በመጣ ብርጭቆ ፈርጥ ነው። የወሎ ሙሽራ ወሎ ኦፓል አድርጋ አታውቅም እኮ! ስትጀምር አምስት ትንንሽ ላክልኝ፣ አሳያቸዋለሁ። በነፃ አይደለም፣ ዋጋውን ጻፍበት።

የደላንታው ልጅ፣ ኀሙስ ማታ 1፡20

ክሩን ከላይ እስከ ታች ለእናቴ አነበብኩላት። የዋሻውን ስደርስ ልዘለው ነበር፣ ዓይኔን አይታ ነቃች። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ የመቁረጫውን ስነግራት ዝም ብላ ቆይታ "ልጆቹስ የት ይማራሉ?" አለች።

ቆፋሪው፣ ኀሙስ ማታ 1፡26

አንተ ጋ።

የደላንታው ልጅ፣ ኀሙስ ማታ 1፡27

ቤቴ ሁለት ክፍል ናት እኮ።

ቆፋሪው፣ ኀሙስ ማታ 1፡29

ሦስተኛዋን እኔ እሠራታለሁ። ብሎኬት ስንት ገባ ደሴ?